ክቡር እክዳለሁ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ኃላፊ ዓመት ይከርማል፤ ያለ ክስ መልስ ጸሐፊ ግን ሳምንት የሚዘልቅ አይመስለኝም። ልሳሳት እችላለሁ። ብቻ የዲሲፕሊን ክስ ደርሶት ምሳውን በሰላም የበላ ሠራተኛ ካያችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከጎኑ አለ ማለት ነው።

የእኛው የሚቀመጡት መዝገብ ቤት ነው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ክቡር እክዳለሁ ነው የምንላቸው። ሕግ አልተማሩም። የተከሰሰ ሰው ሲገባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና፣ ክሱን ገና ሳያነቡ ይፈርዳሉ።

«በመጀመሪያ ካድ!»

«ጋሼ፣ እኔኮ አድርጌዋለሁ።»

«ማድረግህን ማን ጠየቀህ? ካድ አልኩህ!»

ክህደታቸው ደረጃ አለው። ሾፌራችን አጥር በገጨ ጊዜ የጻፉለት እንዲህ ይላል፦ «አጥሩን አልገጨሁም። ገጭቼም ከሆነ አጥሩ ቀድሞ ያዘመመ ነበር። ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር ከተባለም፣ በዕለቱ የነዳሁት እኔ ስለመሆኔ ማስረጃ አልቀረበም።» ሾፌሩን ከመኪናው በመስኮት ጎትተን ያወጣነው እኛው ነን።

እኔም ተከስሻለሁ። ኃላፊያችን በኮሪደሩ ሲመጡ ሰላምታው ስለሚጨንቀኝ ወደ ደረጃው እሸሻለሁ፤ ይህ «የበላይን መናቅ» ተባለ። ክቡር እክዳለሁ «ኮሪደሩ ላይ አልነበርኩም፤ ነበርኩ ከተባለም አምፖሉ ስለማይበራ የመጣው ማን እንደሆነ አይታይም» ብለው ጻፉልኝ። ነጻ ወጣሁ። አምፖሉም ተቀየረ። አሁን መሸሻ የለኝም።

ጉድ ያመጣው መዝጊያቸው ነው። ለማንም ይጻፉ ለማን፣ መልሱ የሚያልቀው «የልጆች አባት በመሆኔ በርኅራኄ እንዲታይልኝ» በሚል ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ከሥራ ቀርተሻል ተብላ በተከሰሰች ጊዜ የኮሚቴው ሰብሳቢ መልሷን አንብበው ቀና አሉ።

«እህቴ፣ አንቺ የልጆች አባት ነሽ?»

«እክዳለሁ ጌታዬ!» አለች፣ እንደተመከረችው።

ሁሉም ሳቀ፤ ሰብሳቢው አልሳቁም። የድሮ ፋይሎች እንዲወጡ አዘዙ። ያላገባው ዘበኛ አባት፣ ነፍሰ ጡሯ ታይፒስት አባት፣ እኔ ወንደላጤው አባት። ጽሑፉ ደግሞ የሁሉም የአንድ ሰው እጅ ነው። ክቡርነታቸው ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በሥራ ሰዓት የግል ሥራ ሠርተዋል ተብለው ተከሰሱ። ጥፋተኛ ከተባሉ ይባረራሉ።

መዝገብ ቤት ስገባ ባዶ ወረቀት ፊታቸው አስቀምጠው ነበር።

«ጻፉ እንጂ ጋሼ። በመጀመሪያ ይካዱ።»

«የገዛ እጄን ጽሑፍ እንዴት ልካድ ልጄ?» አሉ። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ያኔ ፈራሁ።

ለምስክርነት የተጠራሁት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ «አቤት» ለማለት እንኳ የሚያልበኝ ሰው!

«መልስህን የጻፉልህ እሳቸው ናቸው?» አሉኝ ሰብሳቢው።

ክቡርነታቸው ወለሉን ያያሉ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ።

«በመጀመሪያ እክዳለሁ። አልጻፉልኝም። ጽፈውልኝም ከሆነ በሥራ ሰዓት አይደለም። በሥራ ሰዓት ነው ከተባለም፣ በር እያንኳኳሁ ያስቸገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሰብሳቢው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ እስካሁን አላወቅኩም። ክቡርነታቸው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፉ፤ ሥራቸውም ጡረታቸውም ተረፈ።

ኮሪደሩ ላይ ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ጨመደዱኝ።

«አንተ ጅል! ሁለተኛው ላይ አታቆምም ነበር? ሦስተኛው ጥፋትን ማመን ነው እኮ! አሁን አንተን ይከሱሃል!»

እውነታቸውን ነው፤ ክሱ በማግስቱ ደረሰኝ። ይዤው መዝገብ ቤት ስገባ ወንበሩን ስበው አዘጋጅተውልኛል፤ መነጽራቸውም ወደ ግንባራቸው ተመልሷል።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «የምሳ ሰዓት እስኪደርስ ግን እስክሪብቶ አላነሳም።»