በትልቁ ጎማ ሰልፍ ላይ ጨዋ የሆንኩ ዕለት

ጨዋ ነው የምትሉትን ሰው ሁሉ እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ግማሹ ፈሪ ነው። እንዲህ ስላችሁ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ራሳችሁን ከጨዋዎቹ የምትቆጥሩት። ግን ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከመጽሐፍ ጋር ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ያገኘሁት ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ራሴን አይቼ ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። አምቦ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ሲመጣ “ሽፋኑ ያምራል፣ ውስጡን ግን እንደገና ብትጽፈው ይሻልሃል” የምል ሴት ነኝ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ፊቴ የገባን ሰው ስሙንም ዕድሜውንም ሳልጠይቅ ነው የማስወጣው። ባሌ ገመቹ ሰፈር ውስጥ አብሮኝ ሲሄድ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ይላል፤ እኔ ያስቀየምኩትን ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ለመከተል እንዲመቸው።

ገመቹ መምህር ነው። የትምህርት ቤቱ መምህራን በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ቤተሰባቸውን ይዘው አንድ ቀን ለመዝናናት አሰቡና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴ ካለ ደግሞ ገመቹ አለበት። ከአዲስ ዓለም አለፍ ብሎ አዲስ የተከፈተ የልጆች መጫወቻ ስፍራ አለ፣ አውቶቡስ ተከራይተን እዚያ እንሂድ ተባለ። እኔ ተቃወምኩ። የአዲስ አበባ ሰው መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ነድቶ አምቦ መዋኛ ውስጥ ሊነከር እየመጣ፣ እኛ ከአምቦ ወጥተን ምን ፍለጋ ነው የምንሄደው አልኩ። ገመቹ ለልጅቷ ሲባል ነው አለኝ።

ልጅቷ ሲፈን ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። በአባቷ ስልክ ላይ የዚያን ስፍራ ቪዲዮ ካየች ጀምሮ የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ትልቁ ጎማ። ትልቁ ጎማ ማለት ዙሪያውን ወንበር የተንጠለጠለበት፣ ሰው ጭኖ ወደ ሰማይ እየወጣ የሚመለስ ብረት ነው። ለምን እንደሚመለስ ይገባኛል። ለምን እንደሚወጣ ግን እስካሁን አልገባኝም።

መከራውን ያመጣው የራሴ አፍ ነው። ክረምት ላይ ሲፈን ጥርሷ ተነቃንቆ ሐኪም ቤት ስንወስዳት አልነቀልም ብላ የበሩን እጀታ ይዛ ስታለቅስ “የእኔ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እኔ በዓለም ላይ የምፈራው ነገር የለም” አልኳት። ጥርሱ ወጣ። ንግግሩ ግን ውስጧ ቀረ። ለክፍሏ ልጆች ነገረች፣ ለመምህሯ ነገረች፣ ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ ለመጣ ሰው ሁሉ ነገረች። ትልቁን ጎማ ስታይማ “ከእማዬ ጋር ነው የምወጣው፤ እሷ ምንም አትፈራም” አለች። ምን ልበላት? እንዴታ አልኩ።

እናንተ ታዲያ እውነቱን እወቁት። እኔ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥቼ መቀየር ስለማልችል ባሌን የምጠብቅ ሴት ነኝ። ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጅ ቤቷን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስታዛውር ለመሰናበት እንኳን አልወጣሁም፤ ከታች ሆኜ በስልክ መርቄ ሌላ ፀጉር ሠሪ ፈለግኩ። ይህን የሚያውቀው ገመቹ ብቻ ነው። ገመቹ ደግሞ ጨዋ ሰው ስለሆነ ዝም ብሏል።

የጉዞውን ነገር ባሳጥረው ይሻላል። መምህራኑ ከአምቦ እስከ ጊንጪ ዘፈኑ፤ ሲፈን ጊንጪን እንዳለፍን የበላችውን ቁርስ ሁሉ ሻርፔ ላይ መለሰችው። ስንደርስ በሩ ላይ ያለው ሰው አይቻልም። የሆለታ ሰው አለ፣ የእንጭኒ ሰው አለ፣ ከአምቦ ደግሞ ከተማዋን ማን እንደሚጠብቃት እስኪያሳስበኝ ድረስ ሁሉም እዚያ ነው። በሳምንት አንዴ “እንደምን ዋልሽ” ብዬ ከማልፋት ጎረቤቴ ጋር እዚያ ስንገናኝ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ዘመድ ተቃቅፈን ተሳሳምን። እሷ ከልቧ ነው። እኔ ሰዓት ለመግደል ነው።

ምክንያቱም ጎማውን አይቼው ነበር። ስልክ ላይ የእጅ ሰዓት ያህል የነበረው ነገር ከባሕር ዛፎቹ በላይ ቆሟል። ሾፌሩ ልክ በአሥር ሰዓት ያለ ማንም ልመና እንደሚነሳ ገና ስንወርድ አስጠንቅቆናል፤ ስለዚህ ስሌቴ ቀላል ነበር። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ልጅቷን መሬት ላይ ማቆየት። መጀመሪያ ምሳ አልኩ። ከምሳ በኋላ መጸዳጃ ቤት። ከዚያ በአየር የተነፋው ቤት ላይ ዘለለች፣ የሚጋጩት መኪኖች ላይ ተጋጨች፣ እንደገና መጸዳጃ ቤት ወሰድኳት። አይመጣም አለችኝ። “ሞክሪ” አልኳት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰበብ አለቀብኝ። ገመቹ ፊቴን አየና በቀስታ እሱ ይዟት እንዲወጣ ጠየቀኝ። ሲፈን ግን አሻፈረኝ አለች፤ ቃል የገባችልኝ እማዬ ናት አለች። ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው አይወጣም የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ተለጥፏል። ገመቹ የአውቶቡሱን ሰዎች ሊቆጥር ሄደ፤ እኛ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆምን።

እንግዲህ ጨዋነቴ የተወለደው እዚህ ጋ ነው። ፊታችን ዐሥር ሰው ያህል ሲቀር ከኋላችን አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ቆሙ። ዞር ብዬ “አባባ፣ ይለፉ” አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቀው። ሽማግሌው ደንግጠው አዩኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው “ገለቶሚ ኢንታለ ኮ” አሉና፣ በአማርኛም አመሰግናለሁ ልጄ ብለው ደግመው፣ በሁለት ቋንቋ መረቁኝ። ኦቦ ቱሉ እንደሚባሉ፣ ከጊንጪ እንደመጡ ነገሩኝ። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጎማው ሁለት ሰው ራቅኩ።

እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ልጅ ያዘለች ሴት መጣች፤ አሳለፍኩ። መነጽር ያደረጉ እትዬ መጡ፤ እጃቸውን ይዤ አሳለፍኩ። ከእንጭኒ በአንድ መኪና የመጡ ዘመዳሞች ነበሩ፤ አንዷን እናት ሳሳልፍ ስምንቱም ተከትለው ገቡ፤ ይህን እንደ ትልቅ ድል ቆጠርኩት። ምርቃቱ ዘነበ። ስለ አስተዳደጌ ተወራ፤ እናቴ ተመሰገነች። እናቴ ብትሰማ ስለ ማን እንደሚያወሩ ትጠይቃለች። ሲፈን ብቻ ናት ያልመረቀችኝ። በየመሃሉ ቀሚሴን ሳብ እያደረገች፣ ቅድም ዛፉ ጋ እንደነበርን፣ አሁን ደግሞ ከዛፉ ኋላ እንደሆንን ታስታውሰኛለች።

ገመቹ ቆጥሮ ሲመለስ እኔ አንዱን ባለ ኮፍያ ሰውዬ “አባባ፣ ይለፉ” እያልኩ ነበር። ባሌ ቆሞ አየኝ። በትዳራችን ውስጥ እኔ ለማንም ቦታ ስለቅ አይቶ አያውቅም፤ ለእሱም ጭምር።

ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ “ፈርተሽ ነው አይደል?” አለኝ።

“ለታላቅ ቦታ መልቀቅ ፍርሃት ሆነ?”

“ይሄ ሰውዬ እኮ የእኔ ተማሪ ነበር።”

ዞር ብዬ ሰውዬውን በደንብ አየሁት። ከእኔ ሦስት ዓመት ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ‘አባባ’ መባሉ ሳይከፋው አልቀረም፤ ቦታውን ግን አልመለሰም።

ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሲፈን ቀሚሴን መሳብ ተወች። እንደ ወትሮዋ ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ። ዝም ብላ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ጎማውን እያየች፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ ምን ሆንሽ አልኳት፤ እንደማላውቅ።

“ሁሉንም ሰው ታስቀድሚያለሽ” አለችኝ። “እኔን መቼ ነው የምታስቀድሚኝ?”

አያችሁ፣ እኔ የሰው አፍ ማዘጋት ነው ሥራዬ። የዚያን ጊዜ ግን እንባዋን በእጄ ጠረግኩላት። ፈሪ ነኝ ብላት ያለቀለት ነገር ነበር፤ አባቷ ይዟት ይገባል፣ እሷም ጎማዋን ታገኛለች። ‘እናትሽ ፈሪ ናት’ የሚሉት ሦስት ቃላት ከዚያ ብረት በላይ ከፍ ብለው ታዩኝ። አፌን ከፈትኩ…

ኦቦ ቱሉ ቀደሙኝ። ከጎማው ወርደው፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲያልፉ እኛን ጭራው ላይ አዩና በድንጋጤ ቆሙ። እሳቸው ወጥተው ዞረው ወርደዋል፤ ቦታ የለቀቀችላቸው ሴት ይባስ ብላ ወደ ኋላ ሄዳለች። ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ሰልፉን በኦሮምኛም በአማርኛም ተቆጡት። ይህች ልጅ ለአገር ሁሉ ቦታ ስትለቅ፣ የገዛ ልጇ እያለቀሰች፣ አንድ ሰው እንኳን ዞር ብሎ አያይም ወይ አሉ። ሰልፉ አፈረ። ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልን።

አይ ግድ የለም፣ እንጠብቃለን አልኩ። ትሕትና መሰላቸው። በፍጹም፣ ከልቤ ነው አልኩ። የባሰ ትሕትና ሆነ። እትዬዋ በሞቴ አሉ፤ ልጅ ያዘለችው ሴት በእመቤታችን አለች፤ የእንጭኒዎቹ ስምንት ሰዎች በስምንት እጅ ጀርባዬን ይገፉ ጀመር። ያ ‘አባባ’ ያልኩት እንኳን ክንዴን ይዞ ደገፈኝ። በዚያ ቀን ያሳለፍኳቸውና የመረቁኝ ሁሉ ተባብረው እንደ ሙሽራ አጅበው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ጎማውን ለምታንቀሳቅሰው ሴትዮ ደግሞ ኦቦ ቱሉ አንድ ትእዛዝ ሰጧት፤ ለእነዚህ ሁለት ዙር ጨምሪላቸው።

ብረቱ ዘጋብን። መሬቱ ዝም ብሎ ከእግሬ ሥር ሄደ።

ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ የማላውቀውንም ጨመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ከባሕር ዛፎቹ አልፈን መሰለኝ ነፋሱ ተቀየረ። ወንበሩ ሲወዛወዝ የሲፈንን ክንድ እንዲህ አድርጌ ያዝኩት… ልጅ ለመጠበቅ የሚያዝ አያያዝ አልነበረም።

“ሲፌ፣ እናትሽ ፈሪ ናት” አልኳት።

ክንዷን ከእጄ አላቅቃ፣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና “እሺ፣ እንደጨፈንሽ ሁኚ፤ እኔ እነግርሻለሁ” አለችኝ። ነገረችኝ። ገመቹ ከታች ትንሽ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ ነው። አንድ በግ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወጥቷል። አውቶቡሱ አለ፤ ሾፌሩ ተኝቷል። ሩቅ ተራራ አለ፤ አምቦ ከኋላው ነው። አምቦ በዚያ በኩል እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ዓይን የገለጠችው እሷ ስለሆነች አልተከራከርኩም። በሦስተኛው ዙር ላይ፣ አታምኑኝም፣ አንዱን ዓይኔን በትንሹ ገለጥ አደረግሁ። በጉ እውነት ነበር።

ስንወርድ ሰልፉ እንዳለ ቆሞ ይጠብቀናል። እግሬ መሬት መንካቱን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ረገጥኩ። ኦቦ ቱሉ ሲፈን ፊት ጎንበስ አሉና እናትሽ እንዴት ነበረች ብለው ጠየቋት።

ልጄ አየችኝ። ሻርፔ አንገቴ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ ከንፈሬ ደርቋል፤ ያ ሁሉ የመረቀኝ ሕዝብ ጆሮውን ጥሏል። ምን ብትል ይገባኝ ነበር። ሲፈን ግን ደረቷን ነፍታ፣ ሽማግሌው በደንብ እንዲገባቸው በኦሮምኛ “ሀርሜን ኮ ሆማ ሂን ሶዳቱ” አለች። እናቴ ምንም አትፈራም ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ ብትዋሽ እቆጣለሁ። ያን ጊዜ ግን ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት፤ ቀና ለማለትም ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ኦቦ ቱሉ ፊታቸው በራ። ይህንንማ ነበር ስፈልግ የዋልኩት አሉና ከጋቢያቸው ኋላ የተደበቀች አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጎትተው አወጡ። ታናሺቱ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ቅድም እሳቸው ሲወጡ ፈርታ ከታች ቀርታለች፤ እሳቸው ደግመው ለመውጣት ወገባቸው አልቻለም፣ ልጅቷም ደፋር ሰው ካልያዛት አልወጣም ብላለች። ትንሿን እጅ አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። እግዜር ይመስገን ብዬ፣ በታላቅ ሐዘን፣ አውቶቡሳችን ሊሄድ መሆኑን እየነገርኳቸው ሳለሁ ገመቹ ከኋላዬ መጣ። በትዳራችን ሁሉ እንደዚያን ቀን ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።

“አይዞሽ፣ ውጪ” አለኝ። “ኮሚቴው ሾፌሩን ግማሽ ሰዓት አስጨምሮታል።”