በአፍንጫ የተጋገረ ኩኪ

ስኳር በሽታ አንድን ሰው ብቻ ይይዛል የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ፣ ያ ሐኪም ትዳር የለውም ማለት ነው። ስኳር የሚይዘው ቤትን ነው። አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ይጨነቃል፣ ጓዳው ደግሞ ባዶውን ይቀራል። እኔ ከጭንቀቱ በኩል የተሰለፍኩት ባል ነኝ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ወግ አያምርበትም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ከወግ በቀር ምን ቀረኝ?

ባለቤቴ ወይንሸት እዚህ ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። የሥራ ጓደኞቿ አብዛኞቹ ሜክሲኮዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠራ ያተረፈችው የወገብ ሕመምና ፖልቮሮን ነው። ፖልቮሮን ማለት ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ አፍ ውስጥ ፍርፍር የሚል፣ ከምድጃ እንደወጣ በትኩሱ ስኳርና ቀረፋ ላይ የሚንከባለል የሜክሲኮዎች ኩኪ ነው። ቤታችን ሜክሲኮዎች የሚበዙበት ኖርዝ ላስ ቬጋስ ስለሆነ፣ ይህን የሚጋግረው ዳቦ ቤት ከኛ ሁለት የትራፊክ መብራት አይርቅም። ጠላት እንዲህ ቅርብ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሐኪሟ ቁርጡን ነገራት። በሁለት ወር ውስጥ ስኳሯ ካልወረደ ኢንሱሊን በመርፌ ትጀምራለች። ወይንሸትና መርፌ ደግሞ አይተዋወቁም። ልጆቻችን ሲከተቡ የምይዛቸው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከልጆቹ በላይ ታለቅስ ነበር። ያን ዕለት መኪና ውስጥ እንደገባን፣ መርፌ ከምወጋ ብሞት ይሻለኛል አለችኝ። ስኳር የሌለው ፖልቮሮን እኔው ራሴ እጋግርልሻለሁ ብዬ ማልኩላት።

እንቁላል ሲጠብስ እንኳ የጭስ ደወል የሚያስጮህ ወንድ ኩኪ ምን ቤቱ ነው? አትጠይቁኝ። ሥራ ቦታዬ፣ ሆቴል በር ላይ፣ ከኔ ጋር የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርግ ራሞን የሚባል የሜክሲኮ ሰው አለ። የእናቱን አሠራር ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። እኔም የስንዴውን ዱቄት አልመንድ በሚባል የለውዝ ዓይነት ዱቄት፣ ስኳሩን በምትክ ስኳር ተካሁት። ቅቤውንስ? ከአዲስ አበባ የተላከ ንጥር ቅቤ እያለ የሱቅ ቅቤ ለምን? ራሞን ሎው ካርብ፣ ማለትም ስንዴና ስኳር የሌለው፣ የሚለውን ሲሰማ አማተበ። ወንድሜ፣ የእናቴን ኩኪ ልትገድለው ነው አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልሰማሁትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ትሪው ላይ ቀልጦ አንድ ሆነ። ሁለተኛው ክብ ወጣ፣ ሲነኩት ግን ተበተነ። ሦስተኛው ቆመ። ቀመስከው ወይ? ትሉኛላችሁ። እንዴት አድርጌ! ጾሙ ገብቷል፤ ኩኪው ቅቤም እንቁላልም አለው። ለወይንሸት የንስሐ አባታችን ስለ ሕመሟ ፈቅደውላታል። ለኔ ግን ከትዕቢት በቀር ሌላ በሽታ ስላላገኙብኝ አልፈቀዱልኝም። ደግሞስ የሀገራችን ሴቶች የፋሲካን ዶሮ ሳይቀምሱ፣ በጠረኑ ብቻ ጨው አነሰው፣ ቅመም በዛው እያሉ አይሠሩም ወይ? ይህን አሰብኩና አፍንጫዬን ሾምኩት። ቀረፋው ሸተተኝ፣ ቅርንፉዱ ሸተተኝ፣ ድንቅ ነው ብዬ ፈረድኩ። ቅርንፉድ ሳይሸት የቀረበት ቀን አለ እንዴ?

ወይንሸት አንዱን ገመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጅህን ቁርጥማት አይንካው ብላ መረቀችኝ። በትዳራችን ዘመን እጄ ሲመረቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው የኩኪ ማስቀመጫ ቆርቆሯችንን እሞላለሁ፤ እስከ ዓርብ ባዶ ይሆናል። ከሻይዋ ጋር ሦስት አራቱን በልታ ጣቷን ስትልስ ተቀምጬ አያታለሁ። ኮራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። አንድ ቀን ከቆርቆሮው ስድስት አንስቼ ለራሞን ወሰድኩለት። ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። ውሸታም፣ ይኼ ስኳር አለው፣ ይኼ የእማዬ ራሱ ነው አለኝ። በልጆቼ ስም ማልኩለት። ውሸታም ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀጠሮው ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን አይቶ ወደኛ ዞረ። ስኳሯ ከበፊቱ ብሷል። ኧረ ተሳስታችኋል፣ እኔ እኮ የምጋግርላት ስኳር የለውም፣ የስንዴ ዱቄት የለውም ብዬ አሠራሩን ከነልኩ ዘረዘርኩለት። ሐኪሙ ወይንሸትን አየ። ወይንሸት ጫማዋን አየች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ኩኪውን የደበቀስ?

በአማርኛ ጀመረች። ያን የመጀመሪያ ቀን ስትገምጠው ምትክ ስኳሩ አፏን እንደ ጥርስ ሳሙና አቀዘቀዛት፤ ከኋላው ደግሞ ኮሰረት ኮሰረት አላት። እውነቱን ልትነግረኝ ቀና ስትል ዱቄት ለብሼ ዓይን ዓይኗን አያለሁ። ይሉኝታ ያዛት። ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ እኔ ሥራ ስወጣ የኔን ትደፋና ቆርቆሮውን መልኩ ከኔው በማይለይ የዳቦ ቤቱ ፖልቮሮን ትሞላዋለች። እንዳልጠረጥር ደግሞ ፊቴ ተቀምጣ ትበላዋለች። ላንተ ብዬ እኮ ነው የበላሁት አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። ልቆጣት አሰብኩና አቃተኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሚስቴን ሲያሳምማት የከረመው የኔው ኩራት ነው።

ምን አለች? አለኝ ሐኪሙ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የገዛ ውርደቱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንደኔ በታማኝነት የመለሰ ሰው መኖሩን እንጃ። ኮሰረትን ብቻ ዘለልኩት፤ እንግሊዝኛውን አላውቀውም።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። የባልሽ አሠራር በሐኪም ዓይን እንከን የለውም አላት። የዳቦ ቤቱን እርግፍ አድርገሽ የእሱን ብቻ የምትበዪ ከሆነ ሌላ ሁለት ወር እንጠብቅ፤ ካልሆነ መርፌው ዛሬ ይጀመራል። ይህን በደስታ፣ በቀስታ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

ወይንሸት እኔን አየችኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መርፌ አየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለሐኪሙ ዘረጋችለት።