የቶንቶን ዤላዝ ሜዳ

ሁለት ሰው ብስክሌት ላይ ከወጣ፣ ሦስተኛው «ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው» የሚለው ሰውዬ ነው። ይህ ሰውዬ የሌለበት የብስክሌት ማኅበር በዓለም ላይ የለም። ካለም አባላቱ ገና ከቤታቸው አልወጡም።

አገሩ ሜዳ ቢሆን ሰውዬው ጉዳት የለውም። የእኛ አገር ግን ሬዩኒየን ናት፤ እሳተ ገሞራ ከባሕር ውስጥ ገፍቶ ያቆማት ደሴት። ከባሕሩ ዳር ቆሞ ፊቱን ወደ መሀል ያዞረ ሁሉ አንገቱን ቀና ማድረግ ግዴታው ነው። እኛ ሰፈር፣ ሴን ፖል፣ ሜዳ የሚባል ነገር ቢኖር የኳስ ሜዳው ነው፤ እሱም ወደ ባሕሩ ስለሚያዘነብል ልጆቹ ቁልቁል ለማጥቃት ዕጣ ይጣጣላሉ።

እንግዲህ በዚህች ደሴት ላይ ክቡር ቶንቶን ዤላዝ ቴሼ፣ የእሑድ ማኅበራችን የመንገድ ሊቅ፣ የዳገት ሹም፣ ቶንቶን አጎት ማለት ነውና የማንም አጎት ሳይሆኑ የሁላችን አጎት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ ሲመርጡልን ኖረዋል። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ጭናቸው እንደ ዘይቱን ግንድ ቀጭንና ጠንካራ ነው። ብስክሌታቸው ብረት ነው፤ የኋላ ማርሹ ትልቁ ሃያ አምስት ጥርስ አለው። በሃያ አምስት ጥርስ የእኛን ዳገት መውጣት ማለት ቁም ሣጥን ተሸክሞ ፎቅ እንደ መውጣት ነው። ቶንቶን ግን ቁም ሣጥናቸውን ተሸክመው ያፏጫሉ።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ሙያዬ ልክ ነው፤ የጎማ አየር፣ የብሎን ጥብቀት፣ የሰንሰለት ርዝመት። «መሰለኝ» የሚባል ነገር ፍሬን ላይ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ቶንቶንን ሳውቃቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ብልሽት ነበር የማያቸው።

«ቶንቶን፣ የሲላኦስ መንገድ አራት መቶ ኩርባ አለው ይባላል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማን ቆጠረው?»

«ሰው ሁሉ ነው የሚለው።»

«ኩርባ የሚቆጥር ሰው ሥራ የፈታ ነው። ደግሞስ ኩርባ መቼ ዳገት ሆነ? ኩርባ ዕረፍት ነው! አራት መቶ ጊዜ ታርፋለህ ማለት ነው፣ ሩፋን። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልህ?»

አራት መቶ ጊዜ አረፍን። ሁለት መቶ አሥረኛው ዕረፍት አካባቢ የባንክ ሠራተኛው አባላችን አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሚስቱ ዘንድ ደወለና የቤቱ ሰነድ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነገራት።

በደቡብ በኩል የቀለጠው ድንጋይ ወርዶ የረጋበትን መንገድ ሲመርጡልን ደግሞ ሳይንስ ይዘው መጡ። «ላቫ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው፤ ውኃ ደግሞ ምንጊዜም ልኩን ይፈልጋል። ስለዚህ የላቫ መንገድ ሜዳ ነው» አሉ። ሳይንሱ እንከን አልነበረውም። መንገዱ ነው ያልተማረው።

«ውሸታም ከሆነ ለምን ትከተሉታላችሁ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ድስት ነው። እሑድ እሑድ ከእኛ ቀድሞ ድስት ይወጣል። የቶንቶን ባለቤት ማዳም ክሎቲልድ ሩጋይ የሚባለውን የቋሊማ ወጧን ሠርታ፣ ሩዙንና ባቄላውን ከድና፣ በፒክአፕ ጭና ተራራው ላይ ካሉት የሽርሽር ዳሶች አንዱን ትይዝልናለች። እኛ የምንጋልበው እስከ ድስቱ ድረስ ነው። ቶንቶን ታዲያ ለእኛ የታችኛውን ዳስ ይነግሩናል፤ ለሚስታቸው የላይኛውን። ምላሳችን ወጥቶ ታች ስንደርስ ዳሱ ውስጥ የማናውቃቸው ቤተሰቦች ዶሮ እየጠበሱ ካርታ ይጫወታሉ።

«ተይዟል!» ይላሉ ቶንቶን፣ ከማንም በላይ ደንግጠው። «ከሴን ዴኒ የመጡ ናቸው፤ ከትናንት ጀምረው ነው የያዙት። ክሎቲልድ ትንሽ ከፍ ብላለች።»

ያቺ «ትንሽ» አንድ ጊዜ ስድስት ኪሎ ሜትር ወጥታለች። የሰው ዶሮ ሽታ አፍንጫው ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይመለስም። ወደ ድስቱ ነው የሚሄደው።

ይህን ማታለል የሚያስቀር መስሎኝ አንድ እሑድ፣ ቶንቶን ክርስትና ተጠርተው በሄዱበት፣ መሪነቱን እኔ ያዝኩ። የዳገቱን ልክ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር አትሜ ለእያንዳንዱ ሰው አደልኩ። በላስቲክ ሸፍኜ መሪያቸው ላይ ሳይቀር አሰርኩላቸው። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አሥራ አንዱ ቆሙ፤ የስድስተኛውን ቁጥር አነበቡ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያም ብስክሌታቸውን አዙረው ወደ ባሕር ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ማዳም ክሎቲልድ ተራራው ላይ ለአሥራ አራት ሰው የሚሆን ሩዝ ይዛ ብቻዋን ተቀምጣ ዋለች። እስከ ዛሬ ሱቄ ስትገባ ሰላም የምትለው ብስክሌቶቹን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቶንቶንን ቀረብ ብዬ ማየት የጀመርኩት። አንድ ቀን ከፈረንሳይ የመጣ እንግዳ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ልብሱ ውድ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ስንት ቀረ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የተለመደውን ስጠብቅ ቶንቶን ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ «ስድስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ። አማካዩ ዘጠኝ ተኩል በመቶ፤ የመጨረሻው ኩርባ አሥራ አራት። አንተ ግን አታየውም፤ የክሎቲልድ ፒክአፕ ይመጣልሃል፣ እሱ ውስጥ ግባ» አሉት። መሪዬ ላይ ያለችውን፣ የቀረውን መንገድ የምታሳየውን ቆጣሪ አየሁ። ስድስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ! ሰውየው ሐኪም ቤት ገብቶ ልቡ በጊዜ ታከመ።

ለካ ሜትር በሜትር ያውቁታል። በወጣትነታቸው ያንን አስፋልት ካነጠፉት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሲዋሹን የነበሩት ልኩን እያወቁ ነው። እውነቱን የሚናገሩት ደግሞ ሰው እንዲቆም ሲፈልጉ ብቻ ነው።

ይህን ማወቄ ባለፈው የበጋ ወራት፣ ከሬንሜ ጋር በወጣንበት እሑድ፣ ጣጣ ሆነብኝ።

ሬንሜ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ማፋት ውስጥ ነው፤ ገደል በዙሪያው በቆመበት፣ መኪና በማይገባበት ጎድጓዳ። ጉልበቷ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ሐኪሙ «ሳይክል ንጂ፤ ደረጃ እንዳትወርጂ» ብሏታል፤ ወደ ማፋት ደግሞ ከደረጃ በቀር መንገድ የለም። ወንድሟ አሁንም የሚኖርበትን፣ እሷ የተወለደችበትን ቤት ካየች ስድስት ዓመት አልፏታል። ከማይዶ ተራራ ጫፍ ቁልቁል ላየ ግን ጣሪያው ይታያል፤ ደመናው ሳይዘጋ ከደረሰ። ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ማይዶ ላይ የሚታየው የገዛ አፍንጫ ነው።

«በመኪና ላድርስሽ» አልኳት።

«በመኪና የሚሄድ እንግዳ ነው» አለችኝ። «እናቴ ያንን ገደል ዶሮ ተሸክማ ነበር የምትወጣው። እኔ ፒክአፕ ላይ ተጭኜ ሄጄ ‹ቤቴን አየሁ› ልበል? በእግሬ ካልሆነ ይቅር።»

ዳገት የሚያቀል ሠላሳ አራት ጥርስ ማርሽ ገጠምኩላት። አራት ወር ተለማመደች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከባሕሩ ዳር ተነሳን። ሸንኮራ አገዳውን አለፍን፣ የጄራንየም አበባ ለሽቶ የሚያነጥሩበትን መንደር አለፍን። የታማሪን ዛፎቹ ጫካ ውስጥ ስንገባ ትከሻዋ መወዛወዝ ጀመረ። ጎረምሶቹ ቀድመው ሄደዋል፤ ከእሷ ጎን ቶንቶን አሉ፣ ከኋላ እኔ።

«ቶንቶን» አለች ትንፋሽ እየቆረጣት፤ «ስንት ቀረን?»

ቆጣሪዬ አምስት ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ይላል። ቶንቶን ቁጥሩን ከተናገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ሬንሜ ፒክአፕ ውስጥ ገብታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላም ብስክሌት ላይ እንደማትወጣ አውቃለሁ። ቶንቶን ፔዳሉ አራት ጊዜ እስኪዞር ጉልበቷን አዩ። ከዚያ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ እኔ ኩሽኔታ እንደማዳምጠው፣ ትንፋሿን አዳመጡ።

«ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው» አሉ።

በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ውሸት ሰምቼ አላውቅም።

«ባለፈው ኩርባ ላይም እንደዚያው ብለዋል!»

«ያኛው ትንሹ ሜዳ ነበር። ትልቁ ይኼ ነው።»

«እግዜር ይይልዎት!»

«አሜን። ማርሽ ቀይሪ።»

እየተሳደበች ወጣች። ዳሱ ጋ ስንደርስ ተይዟል፤ «ክሎቲልድ ትንሽ ከፍ ብላለች» ሲሉ ዞራም አላየቻቸውም። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ኮርቻዋን ለቃ ቆማ ረገጠች። እኔ የገጠምኩት ሰንሰለት ጮኸ፣ እሷም ጮኸች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር።

ነጭ። ከብረት አጥሩ ወዲያ ዓለም የለም። ማፋት የሚያህል ነገር በወተት ተሞልቷል። ቀድመው የደረሱት ጎረምሶች ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው አወረዱ። ማዳም ክሎቲልድ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ሬንሜ የራስ መከላከያዋን አውልቃ አጥሩን ያዘች።

ቶንቶን መጥተው አጠገቧ ቆሙና ክንዳቸውን ወደ ነጩ ዘረጉ።

«ያውልሽ። ጣሪያው ይታይሻል?»

«ምንም አይታየኝም፣ ቶንቶን።»

«በጣቴ ጫፍ ቀጥ ብለሽ እዪ እንጂ። ቀይ ጣሪያ።»

«የእኛ ጣሪያ ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ነው ያልኩት። ከጎኑ ማንጎ ቆሟል።»

«ኮክ ነው።»

«ኮኩ አድጎ ነዋ! ስንት ዓመት ሆነሽ ካየሽው?»

ልታለቅስ ነው ስል ሳቅ አመለጣት። «እሺ፣ ወንድሜስ ምን እያደረገ ነው?» አለች።

«ዶሮ እያባረረ ነው። ካልሲ አላደረገም።»

«እሱስ እውነት ይሆናል!» እየሳቀች የኩሽናውን በር፣ የውኃ በርሜሉን፣ እናቷ ቡና ታሰጣበት የነበረውን ድንጋይ ትነግረን ጀመር። እኛም አጥሩ ላይ ተደርድረን፣ አሥራ አራት ሰው፣ ምንም የሌለበትን ነጭ ነገር አፍጥጠን እያየን «አዎ፣ አዎ፣ ታየን» እንላለን።

በዚህ መሀል ነፋስ ከታች ተነሳና ደመናውን እንደ ጨርቅ ቀደደው።

ማፋት እስከ ወለሉ ተከፈተ። የቶንቶን ጣት በቀጥታ የሚያመለክተው ፍየል እንኳ የማይቆምበት ጥቁር ገደል ነው። ቤቱ ያለው ወዲያ በስተግራ፣ አንድ ሙሉ ሸንተረር አልፎ ነው፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ጣሪያ፣ ቀጭን ጭስ፣ የተሰጣ ልብስ። ሬንሜ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ሳቁ ገነፈለባት፤ አጥሩን ይዛ ቁጢጥ እስክትል ድረስ።

«ቶንቶን! ቤታችንን ገደል ላይ ሰቅለውት ነበር እኮ!»

ቶንቶን ክንዳቸውን አላወረዱም። ማንም የማያያቸው ይመስል ጣታቸውን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርገው ወደ ግራ አዞሩት፤ ሰማያዊው ጣሪያ ላይ ሲደርስ አቆሙት።

«እሱን ነው ያልኩት» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በማኅበራችን ውስጥ የልክ ሰው እኔ ነኝና። ቆጣሪ አለኝ፤ ዓይን አለኝ፤ ጣቱ ከቤቱ ቢያንስ አርባ ዲግሪ ስቶ እንደነበር በደንብ አይቻለሁ።

«አዎ» አልኩ። «ከመጀመሪያውም ልክ እሱን ነበር ያመለከቱት።»