የጌታሁን ተያዥ

ስለ ጓደኛችሁ የሚጠይቅ የመንግሥት ሰው በራችሁን ቢያንኳኳ ምን ትላላችሁ? አትቸገሩ፣ እኔ ልመልስላችሁ። «ጨዋ ነው» ትላላችሁ። ሠርጋችሁ ላይ ሰክሮ ድንኳኑን የገለበጠ ሰው እንኳ ቢሆን ጨዋ ነው። እኛ ሰውን የምናማው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ ደብተር ለያዘ እንግዳ ገመና አናወጣም። እኔም በዚህ እኮራ ነበር። አሁን ትንሽ ቆጠብ ብያለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ለአንድ የመጋዘን ሠራተኛ ተያዥ ሆኖ ነበር። መቼም ታውቃላችሁ፣ አገር ቤት ሥራ ለመቀጠር «ይህ ሰው ቢያጠፋ እኔን ያዙኝ» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ሰውዬው የመጋዘኑን ጎማ በሙሉ ጭኖ ጠፋ። አባቴ ሦስት ሳምንት ታሰረ። በተፈታ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ሌባውን ሲረግም፣ አባቴ ቀና ብሎ «ልጁስ ጥሩ ልጅ ነበር» አለ። እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ።

ወደ ጓደኛዬ ወደ ጌታሁን ልምጣ። ከጌታሁን ጋር አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ የገባን ሰሞን ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተከራይተን አብረን ኖረናል። እሱ ኮምፒውተር ተማረ፣ እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ገባሁ። ዛሬ እሱ አጎራባቿ ከተማ አውሮራ ይኖራል፣ ለመንግሥት የሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ሚስት አላገባም። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ስለ አየሩ ያወራልኛል። ሴኩሪቲ ክሊራንስ አለው፤ ማለትም መንግሥት መርምሮ «ምስጢሬን ብታይ ግድ የለኝም» ያለው ሰው ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ይኼ ከዲግሪ ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ክሊራንስ እኮ አለው» ሲባል ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ደግሞ የወረቀት ሰው ነው። የማይክሮዌቩን መመሪያ ሳይቀር ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል።

ታናሽ ወንድሙ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በጠራራ ፀሐይ አንድ ዘራፊ ገብቶ ተኩሶ ገደለው። ይኼን በቀልድ የማወራበት መንገድ የለኝም። ወደ አሜሪካ ያመጣው ጌታሁን ነበር። በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ወንበር ማን ያመጣል፣ ውሃ ማን ይገዛል፣ ማን ማንን ይዞ ይመጣል የሚል ዝርዝር ይዞ ይዞር ነበር። «እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው!» ተባባልን። እኛ ዝርዝር የያዘ ሰው የማይሰበር ይመስለናል።

ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጥላል፣ እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ የካሜራውን ስክሪን አያለሁ። ሰባተኛው ፎቅ ጣሪያ የለውም፤ በበረዶ ቀን ማንም እዚያ ፓርክ አያደርግም። አንድ ሰው ያለ ጃኬት ጥጉ ላይ ቆሟል። ሰካራም ነው ብዬ እየተሳደብኩ ወጣሁ። ጌታሁን ነው። ጃኬቱን አጣጥፎ መኪናው ላይ አስቀምጦታል።

«አየር ልወስድ ነው» አለኝ።

ምነው፣ አውሮራ አየር ጠፋ? እጅጌውን ይዤ ወደ ሊፍቱ ወሰድኩት። ሊፍቱ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ለምን እንደወጣ ነገረኝ፣ አለቀሰ። ኪሱ ውስጥ መሐረብ ስፈልግለት የፓርኪንጉን ትኬት አገኘሁ። አስቡት እንግዲህ፣ ሊሞት የመጣ ሰው መግቢያው ላይ ቆሞ ትኬት ቆርጧል።

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት። ሐኪም ካየሁ ክሊራንሴን ይነጥቁኛል አለ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እሱም አላጣራም፤ በሕይወቱ ሙሉ ያለ ወረቀት ያመነው ነገር ይኼ ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ እጄን ይዞ «ለማንም እንዳትናገር፣ በሞቴ!» አለኝ። በዚያ ሰዓት «በሞቴ» ይባላል? ግን ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩት።

እሺ ባልኩ በጥቂት ወሩ አንዲት ሴት የመንግሥት መርማሪ ነኝ ብላ መታወቂያ ይዛ ቤቴ መጣች። ለካ ክሊራንሱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፣ እኔን ምስክር አድርጎ ጽፎኛል። ውሃ እንኳ አልጠጣም አለች። ውሃ የማይጠጣ እንግዳ ያስፈራኛል። ይጠጣል ወይ አለችኝ፤ ጠበል ራሱ በልክ ነው የሚጠጣው አልኳት። ውጭ አገር ዘመድ አለው ወይ አለች፤ ዘመድ የተረፈው ውጭ አገር ብቻ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ማመዛዘኑን የሚያናጋ ሐዘን ወይም ጭንቀት አይተህበታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጌታሁን? ኧረ እሱ ሌላውን የሚያጽናና ሰው ነው!» አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሷ ጻፈች። ክሊራንሱ ታደሰ። ጌታሁን ደውሎ ወንድሜ ነህ አለኝ፣ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው የጸደይ ወራት ደግሞ ከሸሪፉ፣ ከአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ላወጣ ነው አለኝ። የሰማ ሁሉ ልክ ነው አለ። ወንድሙ በጥይት የሞተበት ሰው ምን ያድርግ? ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠናውን ወሰደ፣ ሰርተፊኬቱን ተቀበለ፣ ፋይል ከፈተ። ሽጉጡን ገና አልገዛም፤ ወረቀቱ ይቅደም ይላል። ከመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ክሊራንስ እንዳለው የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ከሁሉም በላይ አደረገው። አሜሪካ ራሷ መርምራ ያመነችውን ሰው ሸሪፉ ሊጠራጠረው ነው? አለኝ በስልክ።

ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ሸሪፉ አሜሪካን ያምናል። አሜሪካ ያቺን ሴትዮ አመነች። ሴትዮዋ እኔን አመነች። እኔ ደግሞ ዋሽቻለሁ። ለካ ሦስት ሳምንት መታሰር ቀላል ነገር ነበር።

ለምንድን ነው ሽጉጡ? ብዬ በሌላ ቀን ጠየቅኩት። «ለመከላከያ ነዋ» አለኝ። ድምፁ ያኔ በረዶው ላይ «አየር ልወስድ ነው» ያለበት ድምፅ ነበር። ማስረጃህ ምንድን ነው ብትሉኝ ከዚህ ሌላ የለኝም።

ልጄ ነርሲንግ ትማራለች። «አንድ ሰው አለ» ብዬ በዘወርዋራ ጀመርኩላት። ጨርሼ ሳልጨርስ፣ «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ጋሽ ጌታሁን፣ ራይት?» አለችኝ። የመርማሪዋን ነገር ስነግራት ደግሞ ዓይኗ ፈጠጠ። «ዩ ላይድ? ለፌዴራል?» አልዋሸሁም፣ ገመና ነው የሸፈንኩት አልኳት። ይኼን በእንግሊዝኛ አስረዳኝ አለችኝ። ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ውሸት ነው የሚመስለው።

«ራስህን ልትገድል ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸዋል?» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ይጠየቃል አለች። ካልመለሰልህ ደግሞ ንገርበት አለች።

ወደ ሸሪፉ ቢሮ በእኔ መኪና ነው የሄድነው። አብረኸኝ ሁን ብሎኝ ነበር። መንገድ ላይ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል፣ ልጄ እንዳለችኝ ጠየቅኩት። ጌታሁን በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየና፣ ዝናብ የሚመጣ ይመስላል አለ። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ኋላ ያለችው ሴት ትሑት ናት። መታወቂያውን ወሰደች፣ ሰርተፊኬቱን ወሰደች፣ የክሊራንሱን ደብዳቤ አየችና በሁለት ጣቷ መልሳ ገፋችለት። ይኼ አያስፈልገንም፣ አሻራ አለን፣ ማጣራቱን እኛው እናደርጋለን አለች። ጌታሁን ደነገጠ። እባክሽ አንብቢው አላት። ደግማ በፈገግታ ገፋችው።

እንግዲህ የእኛ ሰው ወረቀቱ ሲወድቅበት ምን ያደርጋል? ሰው ያቀርባል። ማንም ተያዥ አምጣ ሳይለው ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ጎተተኝ። ይኼ ጓደኛዬ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያውቀኛል፣ እሱን ጠይቂው አላት። ከዚያ በአማርኛ «ንገራት እንጂ!» አለኝ።

ሴትዮዋ ይመስለኛል ለይሉኝታ ብላ፣ የምትለው ነገር አለ ወይ አለችኝ።

አፌ ልማዱን አልተወም። ጥሩ ሰው ነው አልኩ። ሴትዮዋ የቀረውን ጠበቀች። ከዚያ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ራሱን እንዳያጠፋ እፈራለሁ፣ አንድ ጊዜ ከጣሪያ ላይ አውርጄዋለሁ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መልሼ የዋጥኩት ቃል የለም።

ጌታሁን አልጮኸም። ወረቀቶቹን ሰበሰበ፣ ጠርዛቸውን መስኮቱ ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከለ፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተ። ሴትዮዋ ስልክ አነሳች። አንድ መኮንን መጥቶ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ለብቻ አነጋገረን። የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ፣ የሰጠኝ ወረቀት ላይም ፈረምኩ። ከዚያ ሂዱ ተባልን። ሌላው መንገድ ሁሉ ቀላል ነበር፤ የከበደው መመለሻው ነው፤ በአንድ መኪና ነው የመጣነው። በረኛ የሌለው እስር ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጠን አውሮራ ደረስን። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ብቻ አፉን ከፈተ።

«በሞቴ ብዬህ ነበር።»

«እኮ፣ ሞትህን ፈርቼ ነው የተናገርኩት» አልኩት። ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አልተፈቀደም የሚል ደብዳቤ መጣለት። ያን ደብዳቤ ይዞ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ አሳወቀ፤ ክሊራንስ ላለው ሰው ደንቡ ነዋ። እስኪጣራ ቤትህ ቆይ ተባለ። ሐኪም ተመልከት ተባለ፣ እየተመላለሰ ነው ይላሉ። ክሊራንሱ ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም። እኔ ደግሞ ጠቋሚ የሚል ስም ወጣልኝ። ለማስታረቅ የተላኩት ሽማግሌ፣ ልጄ እውነቱን መናገርህ ደግ ነው፣ ግን ለምን ለነሱ? አሉኝ። «አባቴ፣ ከእኛ ማን ጠየቀኝ?» አልኳቸው። እርስዎም አልጠየቁኝም ልል ነበር፣ አክብሬያቸው ተውኩት።

አሁን የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ያ ፈቃድ ሽጉጡን ልብስ ሥር ደብቆ ለመሄድ ነው እንጂ ሽጉጥ ለመግዛት አያስፈልግም። ይኼን ያወቅኩት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጓደኛዬን አጣሁ፣ ከሥራው አሳገድኩት፣ የሽጉጥ ሱቁ ግን እንደተከፈተ ነው። ገዝቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብጠይቀው ስለ ዝናብ እንኳ አያወራኝም።

ስለዚህ እሑድን እጠብቃለሁ። ቅዳሴ አርፍዶ በመምጣት የታወቅኩ ሰው ነበርኩ፣ ዛሬ ዲያቆኑን እቀድማለሁ። የጫማ መደርደሪያው አጠገብ እቆማለሁ። ጌታሁን ይመጣል፣ ቡናማ ጫማውን ያወልቃል፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ይከታል፣ እንደ ግድግዳ አልፎኝ ይገባል። ሰላም አይለኝም። አንድ ሰው በየሳምንቱ ሰላምታ ሲነሳችሁ እንደዚህ ደስ ብሏችሁ ያውቃል? አንድ እሑድ ሳይመጣ ቀረ። ያን ቀን ቅዳሴውን አልሰማሁትም። በኋላ ጉንፋን ነው ተባለ።

ባለፈው እሑድ ስንወጣ ሁላችንም አጎንብሰን ጫማ እንፈልጋለን። ጌታሁን የራሱን አደረገና ካልሲ ብቻ ያደረገውን እግሬን በተረከዙ ረግጦ ዞር ሳይል ሄደ። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፣ ሆን ብሎ ነው። ከባድ ሰው ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሚስቴ ይኼ ባለጌ ብላ ልትከተለው ነበር፣ ያዝኳት። እያነከስኩ ወደ መኪናዬ ስሄድ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነበር። ለመጪው እሑድ ሌላኛውን እግሬን አዘጋጅቻለሁ።