ጡት የጠባ በጾም አይበላም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ከሰማይ መረብ ወረደብኝ። ከቤቴ ወጥቼ በደረቅ መንገድ እየሄድኩ ነበር። መረቡ ከነዱላዬ አፈሰኝና ወደ ላይ ሳበኝ። ላይ ጀልባ ነበር። ጀልባው ላይ ሻርኮች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«ሽማግሌ ነው፤ ይጠነክራል» አለ አንዱ።

«ወጥ ውስጥ ይለሰልሳል» አለ ያጠመደኝ።

ወዲያው ገበያ መሃል ነበርን። ሚዛን ላይ አስቀመጡኝ። ሻርኮቹ ጾም ላይ ነበሩ፤ ሥጋ አይቀምሱም፣ ዓሣ ግን ይበላሉ። ዓሣ ከሆንኩ ለምሳ እቀርባለሁ። አጥቢ ከሆንኩ አልነካም። ዳኛ ተጠራ፤ ጥርሱ ያለቀበት ሻርክ ነበር።

«ዓሣ ነው» አለ ያጠመደኝ። «በእናቱ ሆድ ሳለ ውሃ ውስጥ ነው የኖረው።»

«ዓሣ ነባሪም ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ግን ልጁን ያጠባል። በጾም በልተነው እናውቃለን?» አለ ዳኛው።

«አናውቅም» አለ ያጠመደኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ ተወልጄ ነው የመጣሁት» አልኩ። «እንቁላል ሰብሬ አልወጣሁም።»

«መውለድማ ከኛም የሚወልዱ አሉ» አለ ዳኛው። «ግን ዓሣ ነን። በአንገታችን ጎን ባለው ስንጥብ እንተነፍሳለን፤ ልጅ አናጠባም። ነገሩ ያለው ጡቱ ላይ ነው። አንተ እናትህን ጠብተሃል?»

እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። ይህን ስናገር ያጠመደኝ ሻርክ ሽንኩርት እንዲከተፍ አዘዘ።

«ያጠባችኝ ጎረቤታችን አስካለ ናት» አልኩ።

«ምስክር አለህ?»

«እሷም ከሞተች ቆየች።»

«ትጠራ» አለ ዳኛው።

አስካለ መጣች። በሞተችበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ከእኔ ጎን ስትቆም ልጄ ትመስላለች። አስተያየቷ ግን የእናት ነበር።

«አጥብቼዋለሁ» አለች። «በአንዱ ጡቴ ልጄን፣ በሌላው እሱን። ጥርስ ሲያወጣ ነክሶኛል።»

«ከነከሰማ የኛው ወገን ነው» አለ አንዱ። ገበያው ሳቀ።

«ዝም በሉ» አለ ዳኛው። «አጥቢ ነው። ይቀመጥ።»

ላመሰግናት ስዞር አስካለ ሄዳለች።

«ይቀመጥ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት ዳኛውን። «ጾማችሁ የሚፈታው መቼ ነው?»

ያጠመደኝ ሻርክ ጎንበስ ብሎ እግሬን በገመድ አሰረ።

ነቃሁ። ልጄ ግዛቸው በሩ ላይ ቆሟል።

«አባባ፣ በጉ መጥቷል። ይውጡና ይዩት።»

ወጣሁ። በጉ እግሩን ታስሮ አጥሩ ሥር ቆሟል።

«ሰባ ያለ ነው፣ አይደል?» አለኝ ግዛቸው።

«እናቱን ጠብቶ ያደገ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለዚያ አይደል የሰባው» አለ።

በጉ አየኝ። እኔም አየሁት። ነገ ፋሲካ ነው።