የአቶ ለይኩን መውጣትና መግባት

ሰፈራችን በጅማ ከተማ ካሉት ሰፈሮች ሁሉ በሽምግልና ዘርፍ ግንባር ቀደም መሆኑን እስካሁን የካደ የለም። የጠየቀም የለም። ለዚህ አኩሪ ውጤት መመዝገብ የአንበሳውን ድርሻ የሚወስዱት ከግብርና ቢሮ በጡረታ የተገለሉት አቶ ለይኩን ናቸው።

የአቶ ለይኩን የማስታረቅ ስልት የሚከተለው ነበር። የተጣሉት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አቶ ለይኩን ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እንግዲህ በመሠረቱ...» ብለው ሲጀምሩ ፊታቸው ድንገት ይለዋወጣል። «ጥቂት ላስብበት» ብለው ብድግ ይላሉ፤ ይወጣሉ። ተመልሰው አረፍ ሳይሉ ሌላ ሐሳብ ይመጣባቸዋል፤ አሁንም ይወጣሉ። ሰዉ «እንዴት ያሉ ጥልቅ ሰው ናቸው!» እያለ ይደነቃል። የሚያስቡት ሁልጊዜ በጓሮ በኩል መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። ሲመለሱ ባልና ሚስቱ ታርቀው፣ ጎረቤታሞቹ ተቃቅፈው ይጠብቋቸዋል።

እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥ ብቻ ነበሩ። የአቶ ለይኩን ፊኛ ቀጠሮ አያከብርም፤ መጣ ካለ መጣ ነው።

አንድ ቀን ኢፍቱ የምትባል ሴት ከሊሙ ገነት መጣች። ወንድሞቿ ኩመራና ቱሉ አባታቸው ትተውላቸው ባለፉት የቡና ማሳ ተጣልተው መነጋገር አቁመዋል።

«ለቀማው ሳይደርስ ያስታርቁልኝ። አለዚያ ቡናውንም ወንድሞቼንም ማጣቴ ነው» አለችና አለቀሰች።

አቶ ለይኩን ቃል ገቡ። ችግሩ የሊሙ መንገድ ረጅም ነው፤ ሚኒባስ ደግሞ ሐሳብ ለመጣበት ሰው ሁሉ አይቆምም። በመሆኑም ሕክምና ለመግባት ቆራጥ ውሳኔ ላይ ደረሱ።

ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ሰሎሜ አስረዳቻቸው። ከመቀመጫቸው ከፍ ብሎ ቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ይቀበራል፤ ከመሣሪያው የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ፊኛን የሚያዘውን ነርቭ በኤሌክትሪክ እየነካካ ሥርዓት ያስይዘዋል። ከዚያ በፊት ለሙከራ መሣሪያው ውጭ፣ ቀበቶ ላይ ይሆናል።

«ነርቩ ከአንጎል ጋር ይገናኛል?» አሉ አቶ ለይኩን።

«አዎ፣ ፊኛው ሲሞላ ለአንጎል የሚናገረው እሱ ነው።»

«ታዲያ የፊኛ ሕክምና ምን አስባለው? የአእምሮ ማበልጸጊያ ነዋ!»

«እንደፈለጉ ይጥሩት፤ ብቻ ቡና ይቀንሱ።»

«ጅማ ተቀምጬ?»

«ጅማ ተቀምጠው።»

ለሰፈሩም በዚሁ መሠረት መግለጫ ተሰጠ። የእድራችን አባላት ቀበቷቸው ላይ የታሰረውን መሣሪያ በየተራ በአክብሮት ጎበኙ። ቡና በቀነሱበት ሰሞን ግን አቶ ለይኩን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተጣሉ፤ የሚያስታርቅም ጠፋ።

ሙከራው ሠመረና መሣሪያው ቆዳ ሥር ገባ። በማገገሚያው ሳምንታት ማጎንበስ፣ ወገብ ማዞር፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ቁስሉን ማርጠብ ተከለከሉ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ጫማቸውን ያስሩላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ስለ አስተሳሰሩ ገንቢ አስተያየት ይሰጣሉ። ቢሆንም ከስንት ዓመት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኙ። ሚስትም አብረው ተኙ። «ለካ እንዲህም ይነጋል!» ብለው ወይዘሮ ሸዋረገጥ አለቀሱ። በዚህ የሚቀልድ ካለ እኔ አልስቅለትም።

ለቀማው ግን የአቶ ለይኩንን ማገገም አልጠበቀም። እኔ ሻንጣቸውን ተሸክሜ አብረን ሊሙ ገነት ስንደርስ የተለቀመው እሸት ቡና በጆንያ ግቢው ውስጥ ተከምሯል። አንዱ ወንድም ማድረቂያው አልጋ ላይ ላስጣ ሲል ሌላው ይከለክላል። እሸት ቡና በጆንያ ከዋለ ካደረ ደግሞ አለቀለት።

አቶ ለይኩን ተቀመጡ። «እንግዲህ በመሠረቱ...» አሉ። ፊታቸውን አየን፤ አልተለወጠም። ስለ ወንድማማችነት ምንነት፣ ስለ ወንድማማችነት ፋይዳ፣ በወንድማማችነት ረገድ ስለሚታዩ ክፍተቶች ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ኩመራ አፉን ሲከፍት «ቆይ ልጨርስ» ይሉታል፤ ቱሉ ሲከፍት «እመጣበታለሁ»። እኔ ራሴ መውጣት እጅግ አስፈልጎኝ ነበር፤ ሽማግሌ እየተናገረ ግን እንዴት ተብሎ ይወጣል? ከግቢው የጆንያዎቹ ሽታ መግባት ጀመረ።

በመጨረሻ ኢፍቱ ተነስታ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ማሎ ኦቦ ለይኩን፣ እባክዎ ትንሽ አይወጡም?»

«ወዴት?»

«እንደ በፊቱ። እንዲያስቡ።»

«አሁን እኮ ተቀምጬ ማሰብ ችያለሁ!»

«አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ግን የአክስቴ ልጅና ባሏ የታረቁት እርስዎ ሲወጡ ነው። ያስታረቋቸው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

አቶ ለይኩን ክው አሉ። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ኮርኒሱ አየሁ። ፊኛቸው ምንም ሳያስቸግራቸው ተነሱና ወጡ። ተከተልኳቸው፤ እኔ ጉዳይ ነበረኝ። ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ ከቤቱ ጀርባ አቮካዶው ሥር ቆመዋል።

«እውነት ነው?» አሉኝ።

መሬቱን በጫማዬ መጫር ጀመርኩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስታረቀው ፊኛዬ ነው?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንጀቴን በሉት። ቤት ውስጥ ጩኸት ተነሳ። ከዚያ የቱሉ ድምፅ ተሰማ፦ «ቡናው እኮ ሊበላሽ ነው!»

«ታዲያ ምን ትገተርብኛለህ? ጫፉን ያዝ!» አለ ኩመራ።

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጆንያ ለሁለት ተሸክመው በፊታችን ወደ ማድረቂያው አለፉ። ኢፍቱ ከኋላቸው እየሳቀች ሮጠች። እኛን ልብ ያለን የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አቶ ለይኩን ለክትትል ዶክተር ሰሎሜ ዘንድ ቀረቡ።

«አሁንስ በየስንት ጊዜው ይወጣሉ?» አለቻቸው።

«ጨምሯል።»

ዶክተሯ ደንግጣ መሣሪያውን ልታስተካክል ተነሳች።

«ተይው፣ እሱ ደህና ነው። እኔ የምወጣው እንደ ጉዳዩ ክብደት ነው። ለትዳር አንዴ፣ ለመሬት ሁለቴ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት አለቃውና ሠራተኞቹ ተኳርፈው ጠሩኝ።»

«እዚያስ ስንት ጊዜ ወጡ?»

«አንዴ። አለቃውን አስከትዬ።»

«ከዚያስ?»

«ባለጉዳይ መስተናገድ ጀመረ።»