ኮምፒውተሬ ሊድረኝ ሲል

ትናንት ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኘውም። ኮምፒውተሬ አባቴ ሆኖ ሊድረኝ ሲል አየሁ።

መጀመሪያ ግን ከሕልሙ በፊት የሆነውን ልናገር። ሙዚቃ አቀናብራለሁ። ስቱዲዮዬ ሳሎናችን ጥግ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ናት። ባለቤቴ እታፈራሁ መምህርት ስለሆነች በዚያው ኮምፒውተር የተማሪዎቿን ፈተና ትጽፍበታለች። ማሽኑ ሰሞኑን ሲያነክስብን አዲስ ሲስተም ይጫንበት ተባለና ሦስት ጓደኞቼን አማከርኩ። መክብብ "ዊንዶውስ ነው፤ እኔው መጥቼ እጭንልሃለሁ" አለ። ናሆም "ለሙዚቃ ከማክ ሌላ አላውቅም፤ ያገለገለ አመጣልሃለሁ" አለ። ዘሪሁን ሁለቱንም ትቼ ሊኑክስ እንዳስገባ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰበከኝ። ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ለሦስቱም "እሺ" አልኳቸው። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ይሉኝታ ይገድለኛል።

ማሽኑ ውስጥ ደግሞ የሽማግሌው ዋሽንት ነፊ የጋሽ ተምትሜ ስምንት ዜማዎች አሉ። ጋሽ ተምትሜ የፊት ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ቀጠሮ ስለያዙ፣ ከዚያ በኋላ ዋሽንት መንፋት ስለማይሆንላቸው፣ ባለፈው ሳምንት መጥተው የሚያውቁትን ሁሉ ነፉልኝ፤ እኔም ቀዳሁላቸው። እታፈራሁ "ሌላ ቦታም አስቀምጠው" ብላኝ ነበር። እሷንም እሺ ብያታለሁ።

በሕልሜ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጫለሁ። አቧራ እንዳይነካኝ ተብሎ የእታፈራሁ ዳንቴል አናቴ ላይ ተደርቦብኛል። ኮምፒውተሩ ነጠላ ጫማዬን አድርጎ ሶፋው ላይ ተንፈላሷል።

"ዛሬ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ፊትህን ጥረግ" አለኝ።

"ማን ነው የሚያገባኝ?"

"የሚሻልህ።"

"የሚሻለኝን ማን ያውቃል?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ተጠቃሚ ነኝ" አለና ጀርባዬን ተጭኖ አበራኝ።

በሩ ተንኳኳ ስል የተንኳኳው መስኮቱ ነው። የዊንዶውስ ሽማግሌዎች የተከፈተውን በር ትተው አንድ በአንድ በመስኮት ገቡ። ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አለቃቸው መክብብ ነው፤ ነጭ ጢም አብቅሏል። እንደ ወጉ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ቆሙ።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው። እኛ ዘመደ ብዙ ነን። ልጅዎ ቢታመም የትም ሰፈር የሚያክመው አይጠፋም። የሚስቱንም ፈተና የትምህርት ቤቱ ማተሚያ ያውቀዋል" አለ መክብብ።

እውነቱን ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "እሺ" አልኩ።

እነሱ ሳይወጡ የማክ ሽማግሌዎች ገቡ። እነዚህ ነጫጭ ለብሰዋል፤ ናሆም ከፊት ሆኖ በጣም በቀስታ ይራመዳል። ሶፋው ከልብሳቸው ጋር አልሄድ ስላላቸው አንቀመጥም አሉ። ናሆም አንድ ጊዜ አጨበጨበና ድምፁ ወዲያው ተሰማ። ከዚያ እኔን አጨብጭብ አለኝ። አጨበጨብኩ። ድምፅ የለም። ሁላችንም ጠበቅን። አባቴ አዛግቶ ሲጨርስ ጭብጨባዬ ከኋላ መጣ።

"ይኼንን ይዞ ነው ሙዚቃ የሚሠራው?" አለ ናሆም።

አፈርኩ። ኪቦርድ ስጫወት እንዲህ ድምፁ እየዘገየብኝ ስንት ቀን ጠረጴዛ ደብድቤአለሁ። "እሺ" አልኩ።

ሦስተኛዎቹ ሲመጡ ቤቱ ሞላ። የሊኑክስ ሽማግሌዎች አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። እያንዳንዱ በገዛ እጁ የሠራውን ወንበር ተሸክሞ መጣ። ማን ይናገር በሚለው ላይ ተጣሉ፤ ስድስቱ ተገንጥለው በረንዳ ላይ ሌላ ሽምግልና ጀመሩ። ዘሪሁን ብቻ ቀረ።

"ምንም አንጠይቅም፤ ነፃ ነው። የፈለግከውን ትለውጣለህ፤ ራስህንም ጭምር" አለኝ።

"ኪቦርዴ ድምፅ ያወጣል?"

"ለጊዜው አያወጣም። ግን ለምን እንደማያወጣ በደንብ ታውቃለህ።"

እንዲህ አስቦልኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። "እሺ" አልኩት።

አባቴ ተቆጣ። ለሦስት የተዳረ ልጅ አላሳድግም ብሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠኝና ወደ ገበያ ወሰደኝ። ገበያው ውስጥ ሰዎች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ ኮምፒውተሮች እየዞሩ ጥርሳችንን ያያሉ። አንዱ ሻጭ ማሽን ጎረቤቴን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ "ከዱባይ የመጣ ነው፤ ጭረት የለውም" ይላል። ጎረቤቴ ከሰፈራችን ወጥቶ አያውቅም። ጭረት ግን የለውም።

"ይኼስ?" አለ አንድ ወፍራም ኮምፒውተር እኔን እያየ።

"ሙዚቃ ይችላል። እምቢ ማለት ግን አይችልም" አለ አባቴ።

"አልፈልገውም" አለና አለፈ።

ቀና ስል የእታፈራሁ ክፍል ውስጥ ነኝ። ተማሪዎቿ ከፊት ቆመው ይፈትናሉ፤ እሷ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ወረቀቷን አየሁት። አንድም ፊደል የለበትም፤ ኮምፒውተር ፊደሉ ሲጠፋበት እንደሚያደርገው ከላይ እስከ ታች ሳጥን ብቻ ነው።

"ጥያቄ አንድ፤ ሳጥን ሳጥን ሳጥን ነውን? አብራሪ!" አለች አንዲት ጠይም ልጅ።

"ታፈሰ፣ አንዱን ምረጥና ገላግለኝ!" አለች እታፈራሁ።

"እሺ" አልኳት። እሷ ግን እሺ ስል የባሰ አለቀሰች።

ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ዋሽንት ሰማሁ። ሮጬ ሄድኩ። ጋሽ ተምትሜ መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል ዋሽንት ጣቶቹን ጎናቸው ላይ አሰልፎ እሳቸውን ይነፋቸዋል። ዜማው ግን የራሳቸው ነው፤ ያ አራተኛው፣ ስቀዳው የራሳቸውም ዓይን እንባ ያቀረረበት።

"አለሁ ልጄ፣ አንተ ውስጥ ነው ያለሁት። አደራ፣ እንዳትታጠብ" አሉኝ በሁለት ትንፋሽ መካከል።

ያኔ ነው የገባኝ። ሙሽራ ከመዳሩ በፊት ይታጠባል፤ እኔ ከታጠብኩ ደግሞ ስምንቱም ዜማ አብሮ ይሄዳል። ሆዴን ዳሰስኩት። ስምንቱም እዚያው ናቸው፤ ሞቅ ሞቅ ይላሉ።

ልሸሽ ስል ሳሎናችን ውስጥ ተገኘሁ። ሦስቱም ወገን በአንድ ጊዜ ሊወስዱኝ መጥተዋል። ባለ መስኮቶቹ እጄን፣ ባለ ነጮቹ እግሬን፣ ባለ ወንበሮቹ ደግሞ አንዳንድ ጣት ተከፋፍለው ይጎትቱኛል። መሀል ላይ በውኃ የተሞላ ትልቅ ሳፋ ተቀምጧል። መክብብ ጢሙን እያሻሸ ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣

"ከመጫናችን በፊት የውስጥህ ይጥፋ?" አለኝ።

አይሆንም ልል አፌን ከፈትኩ። አይሆንም የሚለው ቃል ግን የለም። አንጀቴን ፈተሽኩ፣ ኪሴን ፈተሽኩ፣ የለም። አባቴን "ቃሉን የት አደረግከው?" አልኩት። "መቼ ተጠቅመህበት ታውቃለህ? ቦታ ሲይዝ ጊዜ አጠፋሁት" አለኝ። መክብብ አሁንም ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል፤ ትልቅ ሰው አጎንብሶ ሲጠብቅ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው።

"እሺ" አልኩ።

ሳፋው ውስጥ ስገባ ውኃው ቀዘቀዘኝና ባነንኩ።

እታፈራሁ እግሬን እየወዘወዘች ነው። "ተነስ እንጂ! መክብብ ሻዩን ጠጥቶ እየወጣ ነው።"

መክብብ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሞ ጃኬቱን ይለብሳል። ጢም የለውም። ኮምፒውተሩ አዲስ ሆኖ ያበራል፤ ስክሪኑ ላይ የማላውቀው ሰማያዊ ተራራ አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

"ጨረስኩልህ። አሁን ይበራል" አለኝ።

"የውስጡስ?"

"ጠየቅኩህ እኮ! ጆሮህ ድረስ ጎንበስ ብዬ ይጥፋ ወይ ስልህ እሺ አልከኝ። እታፈራሁም ሰምታለች።"

እታፈራሁ አየችኝ። "ሌላ ቦታ አስቀምጠኸው የለ?" አለች። መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ። ናሆም ካርቶን አቅፎ፣ ዘሪሁን ፍላሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በረንዳው ላይ ይጨቃጨቃሉ። ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ተምትሜ ናቸው። አፋቸው በጥጥ ስለተሞላ ቃላቸው እየተንሸራተተ ነው የሚወጣው።

"ልጄ፣ ተነቀለልኝ። አራቱም። ሐኪሙ ከእንግዲህ ዋሽንቱን እርሳው ሲለኝ ምንም አልመሰለኝም፤ ታፈሰ ጋ አለ አልኩት። ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር መጥተን እንሰማዋለን። ይመችሃል?"

"እሺ ጋሽዬ" አልኳቸው።